ከገጹ ግርጌ ያለው ቁጥር

እናቴ እንደምትለው ሰውየው የመጣው ሐሙስ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው። በሩን አንኳኩቶ፣ "ቤቶች!" ብሎ፣ ግባ እስኪባል ድረስ ደፉ ላይ ቆመ። ግራጫ ኮት ለብሷል፤ መታወቂያው ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ወንበር ስትሰጠው አመስግኖ ተቀመጠ፣ ውሃ ስትሰጠው ጠጣ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የንግድ ፈቃዷን ጠጋ ብሎ አየና "ስንት ዓመት ሰፉ እናቴ?" አላት። "ሠላሳ አንድ" ስትለው "ዕድሜ ይስጥዎት" አለ። ከዚያ እህቴ በስልክ ስለምትሸጥበት ገጽ አንድ ሁለት ነገር ጠየቀ፣ ወረቀት ሰጣት፣ "ነገ ብቅ ብትሉ ይሻላል" ብሎ ወጣ። በቃ። "ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም" ትላለች እናቴ።

እህቴ እንደምትለው ደግሞ ሰውየው አላንኳኳም። በሩን ገፍቶ ገባ። እሷ ወጥ ቤት ውስጥ ሰምና ዘይት እያማሰለች ነበር፤ ወንድ ድምፅ ስትሰማ እሳቱን አጥፍታ በሩ ጀርባ ተቀመጠች። ከዚያ ሆና ሦስት ቃላት ሰማች፦ "ፖሊስ"፣ "ሕፃን" እና "ይታሸጋል"። በሽንቁር ስታይ ሰውየው ፈቃዱን በስልኩ ፎቶ እያነሳ ነው። አንድ ጊዜ ከላይ፣ አንድ ጊዜ ቁጥሩን ብቻ። እስኪወጣ ድረስ አልተነፈሰችም። ማማሰያው ላይ የነበረው ሰም እጇ ላይ ረግቶ ቀረ።

እኔ በቦታው አልነበርኩም። ማተሚያ ቤት ውስጥ ጽሑፍ አራሚ ነኝ፤ በዚያ ሰዓት የሰው መጽሐፍ ላይ ነጠላ ሰረዝ እየለቀምኩ ነበር። እህቴ ደውላ "ና" ብቻ ብላ ስትዘጋብኝ እማዬ የሞተች መሰለኝ። እየሮጥኩ ስደርስ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በእኛ ቤት በር በቀን ተቀርቅሮ አያውቅም፤ ደንበኛ ሱሪውንና ቀሚሱን ይዞ እንዳሻው የሚገባበት በር ነው።

"ማነው?" አለች እናቴ ከውስጥ።

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ማን?"

ሃያ ስድስት ዓመት ያሳደገችኝ ሴት ናት። ድምፄን ሳትለየው ስትቀር ነው መፍራት የጀመርኩት።

ከገባሁ በኋላ ሁለቱንም ደጋግሜ ጠየቅሁ። አንዳቸውም ከቃላቸው ፍንክች አላሉም።

"አንኳኩቷል ስልሽ!" አለች እናቴ።

"አላንኳኳም!"

"አንቺ የት ሆነሽ ነው ያየሽው? በር ጀርባ ቁጢጥ ብለሽ?"

"አንቺስ እማዬ? ስትፈሪ ሰው ሁሉ ጨዋ ይመስልሻል።"

ወረቀቱ ግን የሁለቱንም ወገን አልያዘም። ማኅተም አለው፣ ቀን አለው፣ ጨዋም ባለጌም አይደለም። ከእህቴ ገጽ ግርጌ የተጻፈው የፈቃድ ቁጥር ዘርፉ "ልብስ ስፌትና ጥገና" መሆኑን፣ ገጹ ላይ የሚሸጠው ግን የቆዳ ቅባት መሆኑን ይገልጻል። ባለ ፈቃዷና የገጹ ባለቤት ዋናውን ፈቃድ ይዘው አርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ንግድ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ እንዲቀርቡ ያዝዛል።

ያን ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ስድስት ዓመት የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ፀጉር አጥባለች። ሳሙናው እጇን ቆራርጦት ነበር፤ ጣቶቿን ስታጥፍ ደም ይወጣ ነበር። ለራሷ ብላ ሰምና ዘይት አቅልጣ አንድ ቅባት ሠራች። እጇ ዳነ። የፀጉር ቤቱ ልጆች ለመኗት፣ ከእነሱ ደንበኞቹ ሰሙ፣ ከዚያ እኔ በስልክ ገጽ ከፈትኩላት። ሰው መጠየቅ ጀመረ። ሲጠይቅ ግን በኦንላይን የሚያጭበረብር ስለበዛ "ፈቃድ አላችሁ?" ይላል። አንድ ቀን ይህን ጥያቄ ጮክ ብዬ ሳነበው እናቴ ከስፌት መኪናዋ ብድግ አለች።

"የለንም ወይ? ይሄ የተሰቀለው ታዲያ ምንድን ነው፣ የሠርጌ ፎቶ ነው?"

ከግድግዳው አውርዳ መስታወቱን በሽርጧ ወለወለችና ቁጥሩን አንድ በአንድ ነገረችኝ። ለእናቴ ፈቃድ ማለት እንደ ጣሪያ ነው፤ ከሥሩ ያለ ቤተሰብ ሁሉ ይጠለልበታል። በየዓመቱ ወረፋ ይዛ፣ ግብሯን ከፍላ ያሳደሰችው ነገር ለገዛ ልጇ አይሠራም ብሎ የሚነግራት ሰው አልነበረም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ኮሌጅ የገባሁት እኔ ነኝ፤ "ዘርፍ" የሚለውን መስመር በዓይኔ አይቼዋለሁ። ግን ሱቅ የለን፣ በር የለን፣ ስልክ ላይ ያለ ሱቅ ማን መጥቶ ያሽጋል ብዬ ተውኩት። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር "ሕጋዊ ፈቃድ ያለን ነን" ብዬ ቁጥሩን አሰፈርኩ። ሦስት ጊዜ አረምኩት። አንድ አኃዝ አልተሳሳተም።

"ሕፃን ያልሽው ምንድን ነው?" አልኳት እህቴን።

 እናቴ አየቻት። እህቴ ስልኳን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ሰጠችኝ።

መልእክቱ በቀጥታ ወደ እሷ ስልክ የተላከ፣ የማክሰኞ ነው። "እንደምን ዋላችሁ። የላካችሁልኝን ቅባት ትናንት ልጄን ቀባሁት። የአምስት ወር ነው። ፊቱ ቀልቷል።" ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ "አበጠ።" ከዚያ ደግሞ፣ "ዓይኑ አልከፈት አለ። ፈቃድ አላችሁ ብዬ ነው የገዛሁት። በእግዚአብሔር ምን ላድርግ?"

እህቴ ወዲያው መልሳላታለች፤ ቅባቱን አጥቢለት፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው ብላታለች። ሴትየዋ አንብባዋለች። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። እህቴ አሥራ አራት ጊዜ ደውላለች። ስልኩ ዝግ ነው።

"ሁለት ቀን ሙሉ! ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ እውነት ይሆንብኛል" አለች።

እናቴ ፊደል የምትለየው በመነጽር ነው፤ ስልኩን ነጥቃ ፊቷ ድረስ አስጠግታ አነበበች። ለረጅም ጊዜ አነበበች። ስትጨርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኛችው፣ ሕፃን እንደሚያስተኙ ቀስ ብላ።

ሴትየዋ የብልቃጡንም ፎቶ ልካ ነበር። አንገቱ ላይ ቡናማ ክር ታስሯል። እህቴ በብልቃጦቿ ላይ የምርት ቁጥር አትጽፍም። አንድ ጊዜ ያቀለጠችውን ሁሉ ከእናቴ ድውር በመዘዘችው አንድ ዓይነት ክር ታስራለች፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቀለም ትቀይራለች። ገዢዎች ለጌጥ የታሰረ ይመስላቸዋል፣ እንዲያውም ይወዱታል። ወደ ጓዳ ገብተን የቀሩትን መደርደሪያ ላይ ቆጠርን። ቡናማ ክር ያላቸው ዘጠኝ ቀርተዋል።

"ስንት ነበር የሠራሽው?"

"ሃያ ስምንት።"

"ምን የተለየ ነገር አድርገሽበት ነበር?"

"ሰም ሰም ይላል ስላሉኝ ሽቶ ጨመርኩበት።" የሽቶዋን ብልቃጥ አሳየችኝ። ጽሑፍ የለባትም። "ገበያ ላይ ነው የገዛሁት። ትንሽ ነው የጨመርኩት እኮ! ጠብ ጠብ አድርጌ ነው።"

"የሌላ ክር ያላቸውስ?"

"እነሱ ደህና ናቸው።"

"በምን አወቅሽ?"

ነጭ ክር ያለው ብልቃጥ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ በቀስታ "የጮኸብኝ የለማ" አለች።

ይህን ስትል ሁለታችንም ጓዳው ውስጥ በዚያ ሁሉ ብልቃጥ መካከል ቆመን ነበር። አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ወይን ጠጅ ክር። ከዚያ በፊት ሳያቸው ደስ ይሉኝ ነበር። አሁን ግን አንዱን እንኳ መንካት አቃተኝ።

"ነገ ሄጄ የሠራሁት እኔ ነኝ እላለሁ" አለች እናቴ ከሳሎን። "አሮጊት አያስሩም።"

"እማዬ፣ አንቺ ቅባት መሥራት ትችያለሽ?"

"ልብስ መስፋትስ ስጀምር እችል ነበር?"

መሳቅ የሚያስፈልገን ሰዓት ነበር፤ ማንም ግን አልሳቀም። እህቴ ጣቷን እየነከሰች መስኮት መስኮቱን ታያለች። መንገድ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ሦስታችንም ወደ በሩ እንዞራለን። የጎረቤት ሴት የምታሳጥረው ቀሚስ ይዛ ስታንኳኳ እናቴ በመርፌ ጣቷን ወጋች፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ስንት ጊዜ ተወግታ እንደሆነ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን ደሙን አይታ አለቀሰች። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" አለች። ለማን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ማኅተም እየጠበቀን ነበር። ማኅተም ስሙ አይደለም። ጉዳይ አስፈጻሚ ነው፤ የማይገኝ ማኅተም ያስገኛል ስለሚባል የወጣለት ስም ነው፣ እሱም ወዶት ተቀብሎታል። እናቴ ሱሪዎቹን ሁሉ ታሳጥርለታለች፤ ቁመቱ አጭር ነው። አቃፊውን በብብቱ ይዞ፣ ወረቀታችንን አንድ ጊዜ አይቶ መለሰልን።

"ገጹ አሁንም አለ?" አለኝ።

"አለ።"

"አንተ ሊቅ! የተማረ ሰው ማስረጃ ከፍቶ ያድራል? በል አጥፋው። እዚሁ ቆመህ አጥፋው።"

"ፎቶ አንስተውታል እኮ።"

"ያነሱት ያነሱት ነው። ሌላው ይቅር።" ወደ እናቴ ዞረ። "እናቴ፣ አንቺ የምታውቂው ነገር የለም። ስልክ ከማንሳት በቀር ምን ታውቂያለሽ? ቁጥርሽን ግድግዳ ላይ ያየ ሁሉ ሊገለብጠው ይችላል። ስንት ሰው ገብቶ ይወጣል እቤትሽ!"

"ልጆቼ ናቸው የገለበጡት።"

"እሱን ማን ጠየቀሽ?" አለ ማኅተም። ከዚያ እህቴን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ። ሰው ሁሉ በስልክ ሸጠ ብለሽ ልጄ… የሚሸጠው ሁሉ እኮ የሚሸጠው እስኪያዝ ድረስ ነው።"

ክፉ ሰው አይደለም። ለእናቴ ፈርቶላት ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደሩ ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ አለ። ፋይል የያዙ ሰዎች ተደርድረው ሁሉም የተዘጋውን በር ያያሉ። እናቴ ፈቃዱን ከነፍሬሙ ይዛ ነው የመጣችው፤ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ከእኛ ቀድሞ የገባ አንድ ወጣት ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ማንንም ሳያይ ደረጃውን ወረደ። እህቴ እጄን ያዘችኝ። ከልጅነታችን ወዲህ እጄን ይዛኝ አታውቅም።

ሐሙስ ቤታችን የመጣው ተቆጣጣሪ እናቴን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳላት። እሷም "አላልኳችሁም?" በሚል ዓይን አየችን። ጠረጴዛው ላይ ፋይል ተከፍቷል። ከላይ ያለው የእኛ ገጽ ነው፣ በወረቀት ታትሞ፤ ከግርጌ ያለችው የእኔ መስመር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮባታል። በሥራዬ በቀይ የማሰምረው እኔ ነኝ። የራሴ ዓረፍተ ነገር ተሰምሮበት ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

"ትናንት ቤት የተናገሩት በሁለት ዓይነት ነው የደረሰኝ" አልኩት። "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምን ነበር ያሉት?"

"ያልኩት ይህን ነው።" አልተቆጣም። "የሐኪም ወረቀት የተያያዘበት አቤቱታ ደርሶናል፤ ስለ አንድ ሕፃን ነው። ነገሩ ወደ ፖሊስ ከመሄዱ በፊት ነገ ራሳችሁ ብቅ ብትሉ ይሻላል። ካልመጣችሁ ግን ቤቱ ይታሸጋል።"

እናቴ ዳርና ዳሩን ትታ መካከሉን ወስዳለች፤ እህቴ መካከሉን ትታ ዳር ዳሩን ወስዳለች። አንዳቸውም አልዋሹም። ሰውየው የተናገረውን ለሁለት ተካፍለውታል።

"ልጁ እንዴት ነው?" አለች እህቴ። 

"ሐኪም ቤት ተኝቷል። ከዚያ በላይ የማውቀው የለም። ባውቅ እነግርሽ ነበር።"

ከዚያ እንደ አስተማሪ እያስረዳን ሄደ። በስልክ መሸጥ ከሱቅ መሸጥ አይለይም አለ። መጀመሪያ በንግድ መዝገብ መመዝገብ አለ፤ ከዚያ ለሚሸጠው ዕቃ ዘርፍ ለይቶ የተሰጠ ፈቃድ አለ። ሰው ገላ ላይ የሚያርፍ ነገር ሲሆን ደግሞ ከጤና መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ይጨመርበታል። ማረጋገጫው የሚሰጠው ዕቃው ተመርምሮ፣ የሚሠራበት ክፍል ታይቶ ነው። ምግብ የሚበስልበት ወጥ ቤት አይሆንም። "እያንዳንዱ ምርት ቁጥር ይኖረዋል፣ ምን እንደገባበት ይጻፋል። አንድ ቀን ክፉ ነገር ቢመጣ የትኛው እንደሆነ እንድናውቅና ከሰው እጅ እንድንሰበስብ ነው እንጂ ወረቀት ወደን አይደለም።"

እህቴ እንባዋ መውረድ ጀመረ። ክሮቹን እያሰበች እንደሆነ አውቃለሁ። በራሷ መንገድ ምርቱን ትለይ ነበር፤ ምን እንደገባበት ግን የትም አልጻፈችም።

ተቆጣጣሪው ባዶ ወረቀት ሰጠን። "ሦስት ጥያቄ ነው። ቅባቱን የሚሠራው ማን ነው፣ ገጹ የማን ነው፣ ቁጥሩ እንዲገባ የፈቀደው ማን ነው። ከምሳ በኋላ ጽፋችሁ አምጡልኝ።" ወደ እናቴ ዞረ። "አልደብቅዎትም እናቴ። ቁጥሬን ለሌላ ሥራ የፈቀድኩት እኔ ነኝ ካሉ የስፌት ፈቃድዎ ይሰረዛል። ሳላውቅ ነው ካሉ ደግሞ ያለፈቃድዎ የተጠቀመው ሰው ይከሰሳል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።"

ወጣን። ኮሪደሩ ለምሳ ባዶ እየሆነ ነበር። ማኅተም ሲሰማ እጆቹን አፋተገ።

"ይኸው! በሩን ከፍቶላችሁ! 'አላወቅሁም' ብለሽ ትፈርሚያለሽ። ልጁ አጠፋሁ ይላል፣ የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው፣ የተማረ ነው፣ ይገሠጽና ይለቀቃል። ምናልባት።"

"ምናልባት?" አለች እናቴ።

"ወይ እሱ ነው ወይ የስፌት መኪናሽ ነው እናቴ። ያለ ፈቃድ መርፌ ብትይዢ ሁለተኛ ይመጡብሻል። በስልሳ ሦስት ዓመትሽ ምን ልትሠሪ ነው?"

"እኔ እፈርማለሁ፣ እውነትም እኔ ነኝ የጻፍኩት" አልኩ።  የወንጀል ክስ ያለበትን ሰው ማተሚያ ቤቱ አያቆየውም፤ ከዚያ በላይ ግን እስር ቤት የሚለውን ቃል ገና በሆዴ አላልኩትም ነበር።

"መጀመሪያ ገጹን አጥፋ" አለ ማኅተም።

ስልኩን አወጣሁ። "ገጹን ለመሰረዝ እርግጠኛ ነዎት?" የሚል ጥያቄ መጣልኝ። ጣቴን ላሳርፍ ስል ከላይ አንድ መልእክት ወረደ።

"ዕቃው አሁን ደረሰኝ፣ አመሰግናለሁ። ልጄ ሁለት ወሯ ነው፣ ላጥባት ውሃ እያሞቅኩ ነው። ከታጠበች በኋላ ሙሉ ገላዋን ብቀባት ችግር የለውም አይደል?"

እህቴ ከትከሻዬ በላይ አንብባ ስልኩን ነጠቀችኝ። "አትቀቢያት" ብላ ጻፈች። አልተነበበም። ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ። እንደገና። አሁንም ጠርቶ ቆመ። ውሃው ሞቋል፣ ልጅቷ ልብሷ ወልቋል፣ ብልቃጡ ተከፍቷል። ይህን ሁሉ የማናውቃት ሴት ቤት ውስጥ በዓይናችን እናየዋለን። እህቴ አግዳሚውን በጡጫዋ ትመታ ጀመር። "አንሺው! አንሺው በናትሽ!"

በአራተኛው ጥሪ ተነሳ። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሁላችንም ሰማነው። ውሃ ይንቦጫረቃል፣ ሕፃን ትነጫነጫለች።

"ሄሎ? ማን ልበል?"

"ቅባቱን ቀብተሻታል?"

"አይ፣ ገና እያጠብኳት ነው። ማን ነሽ?"

"ባለ ቅባቷ ነኝ። አትቀቢያት። ጣይው።"

"ውይ፣ ምነው?" ውሃው ቆመ። "ፈቃድ ያላችሁ አይደላችሁም እንዴ?"

እህቴ መልስ አጣች።  ሴትየዋ "ሄሎ? ሄሎ?" ስትል ቆይታ ዘጋችው።

እህቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። "የዚህችስ ክሩ ነጭ ነው" አለች። "ነጩ ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም። አንዱንም አላውቅም።"

"ተረፈችልሽ አይደል? እሰይ!" አለ ማኅተም። "በቃ ሌሎቹንም አንድ በአንድ ደውለሽ ንገሪያቸው። በቀስታ።"

"ይቺ ጠየቀች። ያልጠየቁትስ? ሦስት መቶ ብልቃጥ ነው የሸጥኩት። ለዘመድ የላከ አለ፣ ለአራስ ስጦታ የወሰደ አለ። እነሱን በየት አገኛቸዋለሁ?"

"ገጹ ላይ ነው የሚነገረው" አልኩ። "ያዩት እዚያ ነው፣ ያመኑት እዚያ ነው።"

"ገጹ ላይ ከተነገረ ፋይል ውስጥ ገባ ማለት ነው!" ማኅተም ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ፈቃዱ የስፌት ነው ከተባለ፣ ማን እንደሰጠው ይጠየቃል። የእናታችሁ እንጀራ እዚያው ተቆረጠ። ከዚህ በኋላ እኔ የማደርገው የለም።"

እህቴ የገጹን የድምፅ መቅጃ ከፈተች። ተጫነችው። "እህቶቼ…" አለችና ቆመች። ለቀቀችው። እንደገና ተጫነችው። አሁንም ለቀቀችው። ዓይኗ እናቴ ላይ ነበር፤ እናቴ ጭን ላይ ባለው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ላይ። እኔም ልቀበላት አስቤ ነበር፤ እጄ ግን አልተዘረጋም። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለታችንም የእናታችንን እንጀራ ዋጋ አድርገን መክፈል አልቻልንም።

 እናቴ ከሐሙስ ጀምሮ ሰውየው ጨዋ ነው፣ ነገሩ ቀላል ነው ስትል የነበረች ሴት ናት። አሁን ግን ፊቷ ላይ ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ነበር። ፍሬሙን ቀስ ብላ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና ተነሳች።

"የቱን ነው የሚጫኑት?" አለች።

"እማዬ፣ ተዪው…"

"የቱን ነው ስልሽ?"

እህቴ ተጫነችላት። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ከነ እህቴ ጣት ያዘችው፣ አፏ ድረስ አስጠጋችውና፣ መስማት ለተሳነው እንደሚናገሩ ጮክ ብላ መናገር ጀመረች። በኮሪደሩ የቀሩት ሰዎች ዞሩ። የተቆጣጣሪው በር ተከፈተ፤ ሳንድዊች በእጁ ይዞ ቆመ።

"ጤና ይስጥልኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቅባቱን የምትሠራው ልጅ እናት ነኝ። ከሥር ያያችሁት ቁጥር የኔ ነው፤ የልብስ ነው እንጂ የቅባት አይደለም። ልጆቼ አልሰረቁኝም፣ ጻፉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ቅባቱን ማንም አልመረመረውም። አንድ የአምስት ወር ልጅ ሐኪም ቤት ተኝቷል። ያልቀባችሁ አትቀቡ። የቀባችሁ እጠቡት፣ ልጅ ከሆነ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ለሰው የሰጣችሁም ሄዳችሁ ንገሩልኝ፣ አደራ በሰማይ አደራ በምድር። እኔ አሁን እዚህ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ገብቼ ፈቃዴን ላስረክብ ነው።"